ኮር አይ 7 ስንት ዋት ነው?

«ኢንጂነር፣ ለዎርክስቴሽን የምትከፍለው ለስሙ ነው። በዚህ ብር ካርቶኑ ያልተከፈተ ጌሚንግ ላፕቶፕ ትወስዳለህ።» መገናኛም ሄደ ቦሌ፣ ላፕቶፕ ሊገዛ የወጣ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይመለስም። ሻጩ ይለዋል፣ አብሮት የሄደው ጓደኛው ይደግምለታል፣ ማታ ቴሌግራም ላይ የሚጠይቃቸው ሰዎችም ያጸድቁለታል። ምክሩ የመጣው ከወረቀት ነው። ሁለት ማሽኖችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የተለጠፈባቸውን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ እዚያው ይደርሳል፦ ኮር አይ 7 እዚህም አለ እዚያም አለ፣ 16 ጂቢ ራም እዚህም አለ እዚያም አለ፤ ታዲያ አንዱ በምን ሒሳብ ይወደዳል?

የእኔ ጠብ ከወረቀቱ ጋር ነው። ዎርክስቴሽን የምንላቸው፣ ማለትም የኤችፒ ዜድቡክ፣ የሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ፣ የዴል ፕሪሲዥን (ዴል በ2025 እ.ኤ.አ. ስሙን «ፕሮ ማክስ» ብሎታል) ትርፍ ዋጋቸውን የሚያስከፍሉት ወረቀቱ ላይ በማይጻፍ ነገር ነው፦ ፍጥነቱ ሳይወርድ ለስንት ሰዓት ይቆያል፣ ሲበላሽ ይከፈታል ወይ፣ ማጠፊያው በምን ላይ ታስሯል? እነዚህ ጥያቄዎች ዋስትና ይዞ ቤት ድረስ የሚመጣ ቴክኒሻን ባለበት አገር የምቾት ጥያቄዎች ይሆኑ ይሆናል። እዚህ አገር ግን የገዛኸው ማሽን በሁለተኛው ዓመት ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ከዝነኛው ቁጥር እንጀምር። ገበያው ላይ «ኮር አይ 7» እንደ ማዕረግ ይጠራል፣ «ጀነሬሽን» ደግሞ እንደ ዕድሜ ይቆጠራል፤ ሰባተኛው ከስድስተኛው ይበልጣል ይባላል። ኢንቴል በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኮር አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ያለው፣ በ15 ዋት እንዲሠራ የተነደፈ ቺፕ ነው። ከእሱ በፊት በ2015 የወጣው ኮር አይ 7-6820ኤችኪው አራት ኮር አለው፤ የተነደፈውም ለ45 ዋት ነው። የመጀመሪያው በየሱቁ የሚገኝ ቀጭን የሸማች ላፕቶፕ ውስጥ ይገባል፤ ሁለተኛው በዘመኑ ዜድቡክና ፕሪሲዥን ውስጥ ይገባ ነበር። የ15 ፎቅ ሕንፃ በኢታብስ እያሰላ ለሚያድር መሐንዲስ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእንቅልፍ ልዩነት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም «ኮር አይ 7» ናቸው፤ እንዲያውም ደካማው በጀነሬሽን ይበልጣል!

የግራፊክስ ካርዱ ታሪክ ይብሳል። ኤንቪዲያ የላፕቶፕ አርቲኤክስ 3060ን አምራቾች ከ60 እስከ 115 ዋት ባለው ክልል ውስጥ እንደ ማሽናቸው አቅም እንዲያስተካክሉት ፈቅዷል። ስሙ አንድ፣ ተለጣፊው አንድ፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ተቀራራቢ፤ አንዱ ግን የሌላውን ግማሽ ያህል ኃይል ብቻ የሚያገኝ ካርድ ነው። ቀድሞ ደካማው «ማክስ ኪው» የሚል ቅጥያ ከስሙ ጋር ይዞ ስለሚመጣ ቢያንስ ይታወቅ ነበር። ከ30ኛው ተከታታይ ጀምሮ ቅጥያው ከካርዱ ስም ላይ ተነሥቷል። ስለዚህ «አርቲኤክስ አለው» የሚል ሻጭ አልዋሸም፤ የነገረህ ግን ምንም ነገር የለም።

ዋት ዋት የምለው በከንቱ አይደለም። ኃይል ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው፣ ሙቀት ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። ቀጭን ላፕቶፕ ሬንደር ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እንደ አንበሳ ይሮጣል። ቺፑ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሌሊት ሁሉ በቀነሰው ፍጥነት ይቀጥላል። ገዢው ያየው ሱቁ ውስጥ የተሞከረችውን አንድ ደቂቃ ነው፤ የሚሠራው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚመለከት፣ በክርክሩ ውስጥ ሲነሣ ሰምቼ የማላውቀው ጉዳይ አለ። ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር በማንቀሳቀስ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ በያንዳንዱ ዙር ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። አምራቾቹም ያውቁታል። የቲንክፓድ መመሪያዎች ማሽኑ እስከ 2,438 ሜትር ድረስ በ35 ዲግሪ የክፍል ሙቀት መሥራት እንደሚችል ይናገሩና፣ ከዚያ በላይ ግን ጣሪያውን ወደ 31.3 ዲግሪ ያወርዱታል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ሽሮ ሜዳም ሆነ እንጦጦ አካባቢ ቢሮ ያለው ሰው ያንን መስመር ሳያውቀው ተሻግሮታል። የእኛ ብርድ በጀን ነው ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ቀዝቃዛ አየር ይረዳል። ነገር ግን ማቀዝቀዣው ጥቅጥቅ ባለው የባሕር ዳርቻ አየር እንኳ በአቅሙ ጣሪያ ለሚሠራ ቀጭን ማሽን የጠፋው አንድ አምስተኛ ቀላል አይደለም። ሁለት ፋን፣ ወፍራም የመዳብ ቱቦና ሰፊ መተንፈሻ ያለው ማሽን መጠባበቂያ አለው። የሚወቀስበት ውፍረት ሥራው ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዎርክስቴሽንን የሚለየው ነገር የሚታየው ጥገና ቤት ነው። ግማሽ ሰዓት ብትቀመጡ ማጠፊያው የተሰበረ ላፕቶፕ ይዞ የሚገባ ሰው አታጡም። ጠጋኙ ክዳኑን በአንድ እጁ ደግፎ ማሽኑን ይገለብጠዋል፣ የታችኛውን ሽፋን በፕላስቲክ ካርድ እየፈለቀቀ ይከፍታል። ጥጉ ላይ የነበሩት ትናንሽ የነሐስ እንክብሎች ከነብሎናቸው ተነቅለው ጠረጴዛው ላይ ይረግፋሉ። ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው፦ ማጠፊያው ራሱ ብረት ነው፣ ጠንካራ ነው፤ የታሰረው ግን ፕላስቲክ ውስጥ በተተከሉ የነሐስ እንክብሎች ላይ ነው። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የብረቱ ጉልበት የሚያርፈው ፕላስቲኩ ላይ ነው፣ አንድ ቀን ይለቃል። ከለቀቀ በኋላ የስክሪኑን ኬብል ይጎትታል፣ አንዳንዴም ስክሪኑን ራሱን ይሰነጥቀዋል። ጠጋኙ እንክብሎቹን ወደ ቦታቸው ይመልስና ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ሱፐር ግሉ ያንጠባጥብበታል፤ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል። እጁ ይባረክ፣ የእነዚህ ልጆች ብልሃት ያስደንቀኛል። ነገር ግን ያ ማሽን ከዚያን ቀን በኋላ ክዳኑ በፍርሃት የሚከፈት ማሽን ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ውስጡ ያለው ቺፕ ገና ምንም አልሆነም፤ «ኮር አይ 7»ቱ ጤነኛ ነው፣ የሞተው የሚኖርበት ቤት ነው።

አሁን በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን ቲንክፓድ ፒ52 እንክፈት። እስከ ስድስት ኮር ያለው ማሽን ነው። የታችኛው ሽፋን የሚፈታው በተለመደ ካቻቢቴ ነው፤ ብሎኖቹ ከተፈቱም በኋላ ከሽፋኑ ላይ ስለማይወድቁ አይጠፉም። ሁለት የራም ማስገቢያ ከሥር፣ ሁለት ደግሞ ከኪቦርዱ በታች አሉ፤ በድምሩ እስከ 128 ጂቢ ይቀበላሉ። ሦስት ዲስክ ይይዛል። ኪቦርዱ ራሱን ችሎ ይወጣል። በብዙ የሸማች ሞዴሎች ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር በቀለጠ ፕላስቲክ ተጣብቆ ስለሚመጣ፣ አንድ ቁልፍ ሲሞት ጠጋኙ ያንን ሁሉ ነቅሎ በጋለ ብረት መልሶ ያቀልጠዋል። ቀጫጭኖቹ ላይ ደግሞ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ ዛሬ በ8 ጂቢ የገዛ ሰው እስከ መጨረሻው በ8 ጂቢ ይኖራል። ሌኖቮ ፒ52ን ክፍል በክፍል እንዴት እንደሚፈታ የሚያሳይ የጥገና መመሪያ ከነዕቃ ቁጥሩ ለማንም በነጻ አውጥቷል። የእኛ ዋስትና ይሄ ነው። በሻንጣ ከዱባይ የገባ ማሽን ካርቶኑ ላይ ምን ዓይነት ዋስትና ቢጻፍበት፣ ሲበላሽ የሚይዘው ያ መንገድ ዳር ያለው ጠጋኝ ነው፤ እሱ ሊከፍተው የሚችለውን መግዛት ብልህነት ነው።

መኪና ላይ ሲሆን ይህን ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ቶዮታ ስንት እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ፤ ስሙን የማናውቀው አዲስ መኪና በዚያው ዋጋ ቀርቦ እንኳ «መለዋወጫው የት ይገኛል?» ብለን እናመነታለን። ላፕቶፕ ላይ ስንደርስ ይህ ጥያቄ ከአፋችን ይጠፋል፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ መሆኑ ያማልለናል።

እዚህ ላይ የእኔን ወገንም ልንካው። ዎርክስቴሽን ይገዛ የሚሉ ብዙዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የተሳሳተ ነው። «ኳድሮ ስላለው» ይላሉ። ኳድሮ ኤም2000ኤምና ጂፎርስ ጂቲኤክስ 960ኤም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ቺፕ ነው፤ ኮራቸውም እኩል 640 ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው በሶፍትዌሩና በምስክር ወረቀቱ ነው፦ እንደ ሶሊድወርክስና ካቲያ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚሠሩት ኩባንያዎች ካርዱን ፈትሸው «ይሠራል፣ ችግር ቢገጥምህ እናግዝሃለን» ብለው ይፈርሙበታል። ፊርማው ዋጋ ያለው ለደወለ ሰው ነው። በክራክ የሚሠራ ሰው ለማን ይደውላል? ከዚያም በ2019 እ.ኤ.አ. ኤንቪዲያ ለጂፎርስ ካርዶች የስቱዲዮ ድራይቨር አወጣ፤ እስከዚያ ድረስ ለኳድሮ ተይዞ የነበረውን ባለ 30 ቢት የፎቶሾፕ ቀለምም በዚያው ዓመት ለተራው ካርድ ለቀቀ። ሉሚየን ላይ ለሚሠራ አርክቴክት ደግሞ የጌሚንግ ካርድ በተመሳሳይ ብር ይበልጣል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ሶሊድወርክስን በሕጋዊ ፈቃድ የሚጠቀም ድርጅት ለምስክር ወረቀቱ ይክፈል። ሌላው ሰው ለእሱ ሲል አንድ ብር እንዳይጨምር።

ታዲያ አዲስ ዎርክስቴሽን በሙሉ ዋጋው ግዙ እያልኩ ነው? አይደለም። አዲስ ሲገዛ ከዋጋው ውስጥ የሚቆጠረው አንዱ ይኸው ምስክር ወረቀት ነው፤ ሌላው አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ቢሮ ድረስ የሚመጣ የሦስት ዓመት የጥገና አገልግሎት ነው። ሁለቱም ለእኛ ብዙም አይደርሱም። የሚደርሰን ብረቱ፣ ፋኑ፣ ብሎኑ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በሦስት ዓመት አያረጁም። የውጭ ኩባንያዎች ማሽኖቹን በኪራይ ወስደው በሦስት ወይም በአራት ዓመት ይመልሷቸዋል፤ በዱባይ በኩል ዞረው «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብለው የሚደርሱን እነሱ ናቸው። ሻጩ ሲያወዳድር አዲስን ከአዲስ ጋር ያወዳድርና ዎርክስቴሽን እጥፍ ነው ይላል። ገዢው ኪሱ ባለው ብር የሚመርጠው ግን ከአዲስ የሸማች ላፕቶፕና ካገለገለ ዎርክስቴሽን ነው። በዚህ ሚዛን «ትርፍ ዋጋ» የሚባለው ወይ ትንሽ ነው ወይ ጨርሶ የለም።

ያገለገለ ዕቃ ፈተና አለው። ባትሪው የደከመ ይሆናል፤ ይቀየራል። ባዮሱ በቀድሞው ድርጅት የይለፍ ቃል የተቆለፈ ማሽን ግን በርካሽም ቢሆን አይነካም፣ የቲንክፓድ ዋና የይለፍ ቃል ባትሪ በመንቀል አይጠፋም። ከሁሉ በላይ ዕድሜውን ተመልከቱ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ነጻ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛው ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን የኢንቴል ቺፕ ነው። ስለዚህ ፒ50 ምንም ያህል ቢረክስ እለፉት፤ ከፒ52፣ ከዜድቡክ 15 ጂ5፣ ከፕሪሲዥን 7530 ወዲህ ያለውን ፈልጉ። ስሙም ብቻውን አይበቃም። ፕሪሲዥን 5520 ዎርክስቴሽን ተብሎ ይሸጥ እንጂ አካሉ የዴል ኤክስፒኤስ 15 አካል ነው። ቲንክፓድ ፒ1ም ከኤክስ1 ኤክስትሪም ጋር አንድ አካል ይጋራል። መጥፎ ማሽኖች አይደሉም፤ እኔ የምከራከርለት ውፍረት ግን የላቸውም። «ሚሊተሪ ስታንዳርድ» የሚለውንም ቃል አትመኑበት፣ ዛሬ የጌሚንግ ላፕቶፖችም ይለጥፉታል፤ የትኛውን ፈተና እንደሚያስፈትን የሚመርጠውም አምራቹ ራሱ ነው።

ክብደቱስ? ፒ52 ወደ 2.5 ኪሎ ይጠጋል፣ ቻርጀሩ ብቻውን አስቸጋሪ ነው፣ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ቶሎ ያልቃል። በየቀኑ ታክሲ ተጋፍቶ ለሚሄድ፣ ሥራው ዎርድና ኤክሴል ለሆነ ሰው ይህ ማሽን ሸክም ነው፤ ቀለል ያለ ያገለገለ ኤሊትቡክ ወይም ላቲትዩድ ይበቃዋል። የሠርግ ቪዲዮ ለሚቆርጥ፣ ለሚያሰላ፣ ለሚነድፍ ሰው ግን ክብደቱ ትከሻውን ነው የሚያደክመው፤ የቀለለው ማሽን የሚያደክመው ደንበኛውን ነው።

ይህ ስሕተት የግለሰብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። የጨረታ ሰነዶችን አንብቡ። «ኮር አይ 7፣ 16 ጂቢ፣ 1 ቴራ» ይላሉ፤ ስንት ዋት፣ ስንት ኮር፣ ራሙ ይጨመራል ወይ፣ ኪቦርዱ ለብቻው ይቀየራል ወይ የሚል መስመር ማግኘት ያስቸግራል። መስፈርቱን ያሟላ ዝቅተኛ ዋጋ ሲያሸንፍ፣ የሚያሸንፈው ያንን ቁጥር በቀጭኑ ፕላስቲክ ውስጥ ያስገባው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ስሕተቱ ተወድዷል። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ላፕቶፕ የሚገባው በዶላር ነው። ለሒሳብ እንዲመች አንዱ 90,000 ብር ወጥቶበት ሦስት ዓመት አገለገለ፣ ሌላው 120,000 ወጥቶበት ስድስት ዓመት አገለገለ እንበል። የመጀመሪያው በዓመት 30,000፣ ሁለተኛው 20,000 ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ባለቤት በአራተኛው ዓመት ተመልሶ ገበያ ሲወጣ የሚገዛው በዚያን ጊዜ ምንዛሪ ነው።

እንግዲህ ሱቅ ስትገቡ «ኮር ስንት?» ብላችሁ አትጀምሩ። የቺፑን ሙሉ ስም ከነመጨረሻ ፊደሉ አንብቡ። ሲኔቤንች አር23 የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይወርዳል፣ ሳይነካ ከተተወ አሥር ደቂቃ ያሠራዋል፤ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና አስጀምሩት፣ ፍጥነቱ መጨረሻ ላይ የት እንዳለ እዩ። ክዳኑን በአንድ ጥግ ይዛችሁ ክፈቱት፣ ከተንቋቋ ተዉት። ከዚያ የታችኛውን ሽፋን እንዲፈታላችሁ ጠይቁ። ሻጩ «አይከፈትም» ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።